ባስ ለማጥመድ ስንት ሰዓት ይወጣል? በፖቶማክ ወንዝና በዋሽንግተን ዙሪያ ላሉ አጥማጆች

«ባስ የሚያዘው ጎህ ሲቀድ ነው» የሚለው ምክር ግማሹ ብቻ እውነት ነው። ጁላይ ላይ ይሠራል። ፌብሩዋሪ ላይ ግን በጨለማ ተነስቶ ውሃ ዳር የቆመ ሰው ጣቱ ከመደንዘዙ በቀር የሚያገኘው የለም፤ ዓሣው የሚንቀሳቀሰው ከምሳ ሰዓት በኋላ ነው። ሰዓቱን የሚወስኑት ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የውሃው ሙቀት፣ ብርሃኑ፣ በታችኛው ፖቶማክ ደግሞ የውሃው መሙላትና መጉደል። ከሦስቱ ሙቀቱ ይቀድማል።

እዚህ ላይ ባስ የምንለው በዋናነት ላርጅማውዝ የሚባለውን አፈ ሰፊውን ዓሣ ነው። በታችኛው ፖቶማክና በባሕረ ሰላጤዎቹ፣ ማለትም በማታዎማን፣ በፖሂክ ቤይ፣ በቤልሞንት ቤይና በኦኮኳን፣ እንዲሁም በቨርጂኒያ በርክ ሌክና ሌክ አና የሚገኘው እሱ ነው። ከግሬት ፎልስ በላይ ባለው ድንጋያማ ፖቶማክ የሚበዛው ስሞልማውዝ ነው፤ ቀዝቀዝ ያለና የሚፈስ ውሃ ይወዳል። አገር ቤት ሐዋሳ ወይም ዝዋይ ላይ ቆሮሶ ያጠመደ ሰው አንድ ልማድ መተው አለበት። ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ለቃሚ ነው። ባስ ግን አድብቶ የሚይዝ አዳኝ ስለሆነ፣ ጥያቄው «መቼ ይርበዋል?» ብቻ ሳይሆን «መቼ ነው ማደቢያው የሚመቸው?» ጭምር ነው።

ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሐበሻ አቆጣጠር ናቸው። አገር ቤት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትወጣ «12 ሰዓት» ማለት ራሱ ንጋት ማለት ነው። ዋሽንግተን ላይ ግን በጁን 21 ፀሐይ ሌሊት 11:43 ገደማ ወጥታ ማታ 2:37 ገደማ ትጠልቃለች። በዲሴምበር 21 ደግሞ ጠዋት 1:23 ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10:50 ገደማ ላይ ትጠልቃለች። በዚያ ላይ በማርችና በኖቬምበር ሰዓቱ ይቀየራል፤ ዓሣው ደግሞ ስለ ሰዓት ቅየራ አልሰማም። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር ስትቀጣጠሩ «በ12 ሰዓት» ከማለት «ፀሐይ ከመውጣቷ 45 ደቂቃ በፊት» ማለቱ ያዋጣል።

መጀመሪያ ቴርሞሜትር

ባስ ደመ ቀዝቃዛ ነው። የሰውነቱ ሙቀት ከውሃው ጋር አብሮ ይወጣል፣ አብሮ ይወርዳል። ውሃው 45 ዲግሪ ፋራናይት (7 ሴልሺየስ) ሲሆን አንድ ትንሽ ዓሣ ውጦ ለመፍጨት ቀናት ይፈጅበታል፤ ስለዚህ አይሯሯጥም፣ የሚመጣለትንም አጠገቡ ካልደረሰ አይነካም። በ75 ዲግሪ (24 ሴልሺየስ) ደግሞ ቶሎ ስለሚፈጭ በየዕለቱ ማደን ግድ ይሆንበታል።

ርካሽ የውሃ ቴርሞሜትር ከትንሽ የእርሳስ ክብደት ጋር በገመድ አስራችሁ 3 ጫማ (አንድ ሜትር ገደማ) አስጠልቁና ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። የላዩን ውሃ ብቻ መለካት ያሳስታል፤ ፀሐያማ ከሰዓት ላይ የላዩ ስስ ንብርብር ከታቹ በብዙ ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። ከቤት ሳትወጡ ማወቅ ከፈለጋችሁ የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሊትል ፎልስ አቅራቢያ ባለው መለኪያው የፖቶማክን ሙቀትና ከፍታ በኢንተርኔት ያወጣል። ጥልቀት የሌላቸው ባሕረ ሰላጤዎች ግን ከዋናው ወንዝ ፈጥነው ይሞቃሉ፣ ፈጥነው ይቀዘቅዛሉም። የእነሱን በራሳችሁ ለኩ።

ከ50 ዲግሪ በታች፦ እስከ እኩለ ቀን ተኙ

ከዲሴምበር እስከ ማርች መጀመሪያ ድረስ ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ዲግሪ (10 ሴልሺየስ) በታች ነው። የሚሻለው ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ፀሐይ ድንጋዩንና ጥቁሩን ጭቃ አሙቃ በዙሪያው ያለውን ውሃ ሁለት ሦስት ዲግሪ ከፍ ታደርገዋለች፤ ለእኛ ምንም የማይመስለው ይህ ልዩነት ባሱን ያነቃዋል። ቦታ ስትመርጡ በሰሜን በኩል ያለውን ዳር ያዙ። ፊቱ ወደ ደቡብ ስለሆነ የብርዱን ወራት ዝቅተኛ ፀሐይ ሙሉ ቀን የሚያገኘው እሱ ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው ነፋስም አይመታውም።

በዚህ ሙቀት አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በፍጥነት ነው። የ3/8 አውንስ ጂግ (ራሱ ላይ እርሳስ ያለበት መንጠቆ) ወርውራችሁ መሬት እስኪነካ ጠብቁ፣ አንድ ስንዝር ጎትቱ፣ ከዚያ 10 ሰከንድ ዝም በሉ። ንክሻው ድንገተኛ ጉተታ አይደለም፤ ክሩ እርጥብ ቅጠል የተንጠለጠለበት ያህል ይከብዳል። በብርድ ጊዜ ከካያክ ወይም ከትንሽ ጀልባ የሚያጠምድ ሰው ላይፍ ጃኬቱን ለብሶ እንጂ አጠገቡ አስቀምጦ አይውጣ። እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይለዋል።

ከ50 እስከ 70፦ ጸደይ

ውሃው 50ን ሲያልፍ ባሱ ከጥልቁ ወደ ዳር መምጣት ይጀምራል። አሁንም ከሰዓት በኋላ፣ ከቀኑ 8 እስከ 11 ሰዓት፣ ከጠዋቱ ይበልጣል። በተለይ ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን ከተከታተለ በሦስተኛው ቀን ከሥራ ፈቃድ መጠየቅ ነውር የለውም። ተቃራኒው ቀዝቃዛ አየር ዝናብ ጥሎ ያለፈበት ማግስት ነው፦ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ ጠዋቱ ለፎቶ እጅግ የሚያምር። ለዓሣ ግን መጥፎ ነው። ባሱ ከግንድና ከሣር ሥር ተለጥፎ አይወጣም። የግድ መሄድ ካለባችሁ የቀኑን መጨረሻ ሁለት ሰዓት ጠብቁና ማጥመጃውን ግንዱ ላይ እስኪያርፍ አስጠግታችሁ ጣሉ።

ከ60 እስከ 70 ዲግሪ (ከ16 እስከ 21 ሴልሺየስ) ባለው ጊዜ፣ በእኛ አካባቢ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ አጋማሽ ገደማ፣ ባሱ ይራባል። ወንዱ በጅራቱ ጎድጓዳ ጎጆ ይጠርጋል፣ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ትሄዳለች፣ እሱ ቆሞ ይጠብቃል። ፀሐይ ከፍ ስትል ፖላራይዝድ (የውሃውን ነጸብራቅ የሚቆርጥ) መነጽር ያደረገ ሰው ጎጆውን በዐይኑ ያየዋል። ያየሁትን ሁሉ ልያዝ ማለት ግን አይገባም። ወንዱ ለጥቂት ደቂቃ ከተነሳ ብሉጊል የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች እንቁላሉን ጠርገው ይበሉታል። ጎጆውን አልፋችሁ ከዳሩ ከ10 እስከ 15 ጫማ ፈቀቅ ያለውን ውሃ ሞክሩ፤ ገና ያልጣሉና ጥለው የወጡ ሴቶች የሚቆሙት እዚያ ነው፣ ትልልቆቹም እነሱ ናቸው።

በሜይ ጠዋት ግን አንድ የተለየ ነገር አለ። ሻድ የሚባለው ብርማ ዓሣ እንቁላሉን የሚጥለው ጎህ ሲቀድ በሣርና በዶክ (በጀልባ ማሰሪያው መድረክ) ጠርዝ ላይ ነው፤ ውሃው ላይ የዝናብ ጠብታ የሚመስል ብልጭታ ካያችሁ እሱ ነው። ባሱም ከሥሩ ተሰልፎ ይጠብቃል። ግርግሩ ፀሐይ ውሃውን ስትነካ ያበቃል፤ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይዘልቅም። ነጭ 3/8 አውንስ ስፒነርቤት (የሚሽከረከር የብረት ምላስ ያለው ማጥመጃ) ከጠርዙ ጋር ትይዩ ወርውሩ። 15 ደቂቃ ዘግይቶ የመጣ ሰው ሩቡን አጣ ማለት ነው።

ከ75 በላይ፦ የሰመር ጠዋት፣ ማታና ቀትር

የታወቀው ምክር ልክ የሚሆነው አሁን ነው። ከጁን አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ዋናው ጊዜ ፀሐይ ከመውጣቷ 30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ከወጣች ሁለት ሰዓት እስኪሞላት ድረስ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ሁለቱ እኩል አይደሉም። ውሃው ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ስለሚያድር በቀኑ ውስጥ ዝቅተኛውን ሙቀት የሚይዘው ከንጋት በፊት ነው፤ ማታ ግን የላዩ ውሃ ገና ትኩስ ነው። በ85 ዲግሪ (29 ሴልሺየስ) ሳምንት ምርጫ ካላችሁ ጠዋቱን ያዙ።

ብርሃኑስ? የባስ ዐይን ሽፋን የለውም፣ ብሌኑም እንደ ሰው አይጠብም። ጨለምለም ሲል ግን ከሚያሳድዳቸው ትንንሽ ዓሦች የተሻለ ያያል። በዚያ ሰዓት ጥላ መፈለግ ስለማይኖርበት ሜዳ ወጥቶ ያድናል፤ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ማጥመጃ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ፖፐር የሚባለው ተንሳፋፊ ማጥመጃ በ12 ወይም 14 ፓውንድ ሞኖ (ተራ የናይለን) ክር ይጣላል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ስለሚሰምጥ የፖፐሩን አፍንጫ ወደ ታች ይጎትተዋል። ወርውራችሁ የውሃው ክብ ሞገድ እስኪጠፋ ጠብቁ፣ ሁለቴ ነካ አድርጉ፣ እንደገና ጠብቁ። ውሃው ሲፈነዳ ወዲያው አትጎትቱ፤ ክብደቱ ዘንጉ ላይ ሲሰማችሁ ብቻ ሳቡ። በፖፐር ከሚያመልጡት ዓሦች አብዛኞቹ የሚያመልጡት በድንጋጤ በተጎተተ ዘንግ ነው።

«ጠዋት ምርጥ ነው» የሚለው ሕግ በሰመርም ቢሆን የሚሰበርበት ቦታ አለ፤ ጥቅጥቅ ያለ ሣር። በታችኛው ፖቶማክ ሃይድሪላ የሚባል የውሃ ሣር ይበቅላል። ሣሩ ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ይሠራል፣ ሌሊት ግን እሱም እንደ እኛ ይተነፍሳል። ስለዚህ በሞቃት ኦገስት፣ በተለይ ደመናማና ነፋስ አልባ ቀናት ከተከታተሉ፣ ከንጋት በፊት በሣሩ መካከል ያለው ኦክስጅን ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። በዚያ ሰዓት መካከሉ ላይ የጎማ እንቁራሪት ስትጎትቱ ብትውሉ ባዶ ነው። ጠዋት የሣሩን የውጭ ጠርዝ፣ ውሃ የሚያልፍበትን ጎን ሥሩ። ፀሐይ ከወጣች ሦስት አራት ሰዓት ሲሆናት፣ ሌላው ሰው ጀልባውን እየጫነ ሳለ፣ ወደ መካከሉ ግቡ። እንቁራሪቱን ከ50 ፓውንድ ባላነሰ ብሬድ (የተገመደ ክር) እሰሩት፤ በቀጭን ክር የተያዘ ዓሣ ሣር ውስጥ ተጠቅልሎ ክሩን በጥሶ ይሄዳል።

ቀትርም እንደሚባለው የሞተ አይደለም። ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት ብቻ ነፃ ለሆነ ሰው (ሌሊቱን ታክሲ ሲነዳ ለሚያድር ለምሳሌ) ተስፋ የሚቆረጥበት ምክንያት የለም። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ጥላ ይጠባል፤ የጠበበ ጥላ ደግሞ ዓሣውን በአንድ ቦታ ይሰበስበዋል። ጠዋት ሙሉ ባሕረ ሰላጤው ላይ ተበትኖ የነበረው ባስ አሁን ከዶኩ ሥር፣ ከድልድዩ ምሰሶ ጀርባ፣ ከወደቀው ዛፍ ሥር ነው። ስንት ሰዓት እንደሆነ ከማስጨነቁ ይልቅ ውርወራው ያስጨንቅ፦ ማጥመጃው ከጥላው አንድ ጫማ ወጥቶ ከወደቀ አልተወረወረም ብላችሁ ቁጠሩት። ባለ 7 ኢንች የፕላስቲክ ትል፣ 3/0 መንጠቆ፣ 3/16 አውንስ እርሳስ፣ 15 ፓውንድ ፍሎሮካርቦን። ትሉ እየሰመጠ ሳለ ክሩን ተመልከቱ፤ ወደ ጎን ከሄደ ተበልቷል።

ሌሊት የጠራ ውሃ ላላቸው ሐይቆች ይበጃል። ማጥመጃው ጥቁር ይሁን፤ ከሥር ወደ ላይ ለሚያይ ዓሣ ጥቁር ነገር ከሰማዩ ጋር ጎልቶ ይታያል። ባሱ በሰውነቱ ጎን ባለው መስመር ንዝረት ስለሚሰማ ትልቅ ምላስ ያለው ስፒነርቤት በዝግታና በእኩል ፍጥነት ጎትቱ፤ ፍጥነቱ ከተለዋወጠ ይስታል። ብዙ ፓርኮች በር የሚዘጉት ሲመሽ ነው፣ መኪናችሁ ውስጥ እንዳይቀር አስቀድማችሁ ጠይቁ።

የሰመር ነጎድጓድ ግን ቀልድ የለውም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ከውሃው ውጡ፣ የመጨረሻውን ከሰማችሁ 30 ደቂቃ እስኪያልፍ አትመለሱ። የግራፋይት ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

መከር፦ ቀኑን ሙሉ፣ ከጠዋቱ በቀር

ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር ውሃው ከ75 ወደ 55 ሲወርድ ሻዱ ወደ ባሕረ ሰላጤዎቹ ውስጠኛ ጫፍ ይገባል፣ ባሱም ይከተለዋል። በዚህ ጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት መምጣት ብዙም ትርፍ የለውም። በሐይቆች ላይ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነው፦ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ሲሰምጥ ከታቹ ኦክስጅን አልባ ውሃ ጋር ይደባለቃል። ውሃው ቡናማ መስሎ፣ የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለውና አረፋ ከያዘ ያ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ ያኔ ምንም ሰዓት አይረዳችሁም፣ ወደ ወንዙ ሂዱ።

ታይድ (የውሃው መሙላትና መጉደል)፦ ፖቶማክ ላይ ከፀሐይም ይበልጣል

ከቼሳፒክ ቤይ የሚመጣው ሙላት ዋሽንግተንን አልፎ እስከ ሊትል ፎልስ አቅራቢያ ይደርሳል። ከተማዋ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ወደ 3 ጫማ ልዩነት አለ። ከአንድ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ የዛሬው ሰዓት ነገ በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል።

ውሃው ሲሞላ ባሱ ሣሩ ውስጥ ይበተናል፣ ማግኘት ይከብዳል። ሲጎድል ትንንሾቹ ዓሦች ከሣሩ ተገፍተው ይወጣሉ፣ ባሱም በሣሩ ጠርዝና በጅረቶቹ አፍ ላይ አፉን ወደ ሚመጣው ውሃ አዙሮ ይቆማል። የጉድለቱ የመጨረሻ ሁለት ሰዓትና የሙላቱ የመጀመሪያ አንድ ሰዓት በላጭ ናቸው። ውሃው ቀጥ ብሎ ሲቆም ንክሻውም አብሮ ይቆማል፤ ያኔ ቡና ጠጡ። ማጥመጃውን ውሃው ከሚመጣበት ወርውራችሁ ከውሃው ጋር አምጡት። ውሃውን ተቃውሞ የሚመጣ ትንሽ ዓሣ ባሱን አያሳምነውም።

ብዙዎች የሚስቱት የዋሽንግተንን የታይድ ሠንጠረዥ አይተው ማታዎማን ሲሄዱ ነው። ሙላቱ ከታች ወደ ላይ ስለሚወጣ ታችኛው ቦታ ላይ ቀድሞ ይደርሳል። የኖኣን (የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት) ሠንጠረዥ ስታዩ ለምትሄዱበት ቦታ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ ምረጡ። የጀልባ ባለቤት ደግሞ በዚሁ መዘግየት ይጠቀምበታል፦ ታች ጉድለቱ ሲያልቅ ወደ ላይ ቢነዳ ያንኑ ጉድለት እንደገና ያገኘዋል።

የሰመር ንጋትና የጉድለቱ መጨረሻ በአንድ ሰዓት የሚገጥሙበት ቀን በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይመለሳል። ካላንደር ላይ የሚከበበው ያ ቀን ነው። ካልገጠሙ ታይዱን ምረጡ፤ በቆመ ውሃ ላይ ጎህ ከምትጠብቁ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ የሚጎድል ውሃ ይሻላል።

ደመና፣ ነፋስና የውሃው ጥራት

ደመና ጠዋቱን ያረዝመዋል፤ በደመናማ የጁን ቀን ፖፐር እስከ እኩለ ቀን ሊሠራ ይችላል። ነፋስም ውሃውን ስለሚያሻክር ብርሃኑን ይሰብራል። ነፋሱ የሚነሳበትን ሳይሆን ነፍሶ የሚያርፍበትን ዳር ያዙ፣ ምግቡ የሚገፋው ወደዚያ ነው። የውሃውን ጥራት ለማወቅ ነጭ ማጥመጃ አስጠልቁ። ከአንድ ጫማ በፊት ከጠፋ ውሃው ደፍርሷል፤ ባሱ ራሱ ለማየት ብርሃን ስለሚፈልግ ረፋዱና ቀትሩ ይሻላል። ከ6 ጫማ በላይ ከታየ ጎህና ምሽት፣ ወይም ሌሊት።

ዓሣው የሚበላበትን ሰዓት በጨረቃ የሚተነብዩትን የጨረቃ ሠንጠረዦች በተመለከተ፣ ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ ሁለት ቀን መካከል መምረጥ ሲያቅታችሁ ተመልከቷቸው። ሙቀትንና ታይድን ትቶ በእነሱ ቀጠሮ መያዝ ግን ቤንዚን ማባከን ነው።

ከመተኛታችሁ በፊት

1. የውሃውን ሙቀት እዩ፤ ጠዋት ወይስ ከሰዓት የሚለው እዚህ ላይ ያልቃል።
2. ወንዝ ከሆነ የታይዱን ሰዓት ለዚያው ቦታ አውጡ።
3. የደመናውንና የነፋሱን ትንበያ አይታችሁ አንድ ሰዓት ጨምሩ ወይም ቀንሱ።
4. ሦስት ዘንግ ቤት ውስጥ አስራችሁ ጨርሱ፦ ፖፐር፣ ስፒነርቤት፣ ትል። በጨለማ በግንባር ባትሪ ክር መቋጠር ምርጡን 20 ደቂቃ ይበላል፤ መብራቱም ውሃው ላይ ካረፈ ዳር ያለውን ዓሣ ያባርራል።
5. የማጥመድ ፈቃዱን አረጋግጡ። ቨርጂኒያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ የየራሳቸው አላቸው፤ የሚያዘው መጠንም እንደ ወቅቱ ይለያያል።

ዳሩ ላይ ስትደርሱ የመኪና በር በቀስታ ዝጉ፣ ፀሐይን ከፊታችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ከኋላችሁ ከሆነች ጥላችሁ ከማጥመጃችሁ ቀድሞ ይደርሳል። የመጀመሪያውን ውርወራ ከእግራችሁ ሥር፣ ከዳሩ ጋር ትይዩ ጣሉ። በጎህ ሰዓት ባሱ ብዙ ጊዜ ሁለት ጫማ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሰው ግን ረግጦት አልፎ 30 ሜትር ይወረውራል።

ከ80 ዲግሪ (27 ሴልሺየስ) በላይ በሆነ ውሃ የተያዘን ባስ እጃችሁን አርጥባችሁ ያዙ፣ መንጠቆውን ውሃው ውስጥ እንዳለ አውጡ፣ ፎቶ ካስፈለገ ትንፋሻችሁን ይዛችሁ ልትቆዩ ከምትችሉት በላይ ከውሃ አታቆዩት። ልትበሉት ካሰባችሁ ደግሞ የየግዛቱን የጤና ማሳሰቢያ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በፖቶማክና በአናኮስቲያ ዓሦች ላይ በፒሲቢ ኬሚካል ምክንያት የወጣ የመጠን ገደብ አለ።

ማስታወሻ ደብተር ላይ ለእያንዳንዱ ዓሣ አምስት ነገር ጻፉ፦ ሰዓት፣ የውሃ ሙቀት፣ የውሃ ጥራት፣ ሰማዩ፣ ታይዱ። ባዶ እጅ የተመለሳችሁበትንም ቀን እንደዚያው።